አጎቴን ማን ይርገመው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከት/ቤት መልስ።

ዛሬም የዘይት ሰልፍ። ዛሬም ዘይት የለም። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ነገ ኑ አለን። የሱ ነገ መጥቶ አያውቅም።

ቤት ስገባ አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ግን አይረግጥም። ምን ሆንክ አልኩት። እናቴ ጠቀሰችኝና ጓዳ ገባን።

አንተ ደብተር፣ ጆሮህን ስጠኝ። አጎቴ ሁሴን ቀረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ደን የሚያስተምረው፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም። ከሌሎች መምህራን ጋር ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ነበር፤ የተፈጥሮ ጥበቃ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ ሊመጣ። የሄዱት ሁሉ ተመልሰዋል። እሱ የለም። ይመለሳል ብሎ ዋስ የፈረመው ደግሞ አባዬ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ስቄ ነበር። ወሎን ራቁቷን አስቀርተው ዛፍ ሊያዩ ጀርመን ይሄዳሉ እያልኩ። አሁን የሳቅኩበት ነገር ቤታችን ገባ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8። አመሻሽ ላይ።

ከአባዬ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን መጣን። ከአጎቴ ጋር ሄዶ የነበረ አንድ ዶ/ር ችግኝ ሊያስተክል መጥቷል ተብሎ። ስሙን አልጽፍም፤ ዶ/ር መነጽር ይበቃዋል።

ሻይ ቤት ተቀመጥን። አባዬ ወንድሜስ ይላል። ዶ/ር መነጽር ግራ ቀኙን እያየ ጮክ ብሎ ስለ ወፍ ያወራል። እዚያ አገር ለወፍ ከሳንቃ ቤት ሠርተው ዛፍ ላይ ይሰቅሉላታል። እንቁላሏን ስትታቀፍ ሰው በዚያ አያልፍም። ወላሂ፣ ወፍ መሆን አማረኝ።

አስተናጋጁ ሲርቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከመሄዳቸው በፊት ከአጎቴ ጋር አንድ ቢሮ የሚሠራው መምህር ተወስዶ ነበር። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። በመጨረሻው ቀን ጫካ ሲጎበኙ አጎቴ የጫማ ክሬን ልሰር ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ቢጠብቁት አልመጣም።

ተፈጥሮን ሊጠብቅ ሄዶ ነፍሱን ጠበቀ። ይህን ለአባዬ ልለው አሰብኩ። ቀና ስል ሻዩ ሱሪው ላይ ይፈሳል፣ እሱ አላወቀም። ደሴ እስክንደርስ ሱሪውን በሻሼ ስጠርግለት መጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14።

አባዬን ወሰዱት። ከስፌት መኪናው ላይ። የሰው ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ቀርቷል። ባለቤቱ መጥቶ ለዒድ ይደርስልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱን እግር አሁን ይውሰዱት ስለው እናቴ በክርኗ ወጋችኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ እኔ ጓድ በተለይም የምለው (ያለዚህ ቃል አፉ አይከፈትም)፣ እናቴን አስጠርቶ መፍትሔ አለ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ቤተሰቡ ከሀዲውን በሕዝብ ፊት ያውግዝ። በተለይም አባቱ። ያኔ ዋሱ ይለቀቃል።

አባቱ ማለት አያቴ ነው፤ የኩታበሩ ሼህ ይመር። አባ ሼህ። የአባ ሼህ አፍ የታወቀ ነው። የመረቁት ይወልዳል፣ የረገሙት ይጠፋል። በሬያቸውን የሰረቀው ሰው በሳምንቱ አብዶ ገበያ ለገበያ ሲዞር አገር አይቶታል። ጓድ በተለይም ራሱ ሕፃን ሳለ በሳቸው ዱዓ ነው የተረፈው፤ እናቱ ዛሬም ትናገራለች። እሱ አሁን በዚህ አያምንም። ለሱ ንግግር ነው፤ ተናግሮ መቀመጥ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19።

አባ ሼህ መጡ። የሰፈራችን፣ የቧንቧ ውሃ፣ ሽማግሌዎችም ተከትለው ገቡ። ጫታቸውን ይዘው ሲመክሩ ዋሉ። አንዱ በአፍዎ ይርገሙት፣ በልብዎ ይመርቁት አሉ። ሌላው ቀስ ብለው ይርገሙት፣ ሩቅ አገር ነው አይደርስም አሉ። ሦስተኛው አንቀላፍተው ነበር፤ ሲነቁ በሁለቱም ተስማሙ።

አባ ሼህ የአባዬን ስም አስቀድመው ተናገሩ። «እንድሪስም ልጄ ነው፣ ሁሴንም ልጄ ነው። በአፌ ቀልጄ አላውቅም። ከወጣ ይሄዳል።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። አባ ሼህ እራት አልበሉም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22። ከጁምዓ በኋላ።

እናቴ የአባዬን ስንቅ ከቀበሌው እስር ቤት እንዳለ መልሳ መጣች። ነገ አጎቴ ካልተወገዘ አባዬ ወደ ላይ ይተላለፋል። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው የምሳ ዕቃው እንኳን ወደ ቤት አይመለስም።

አባ ሼህ ሰምተው ተነሡ። ዉዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ። ከዚያ ነገ እረግመዋለሁ አሉ። ከነገ ወዲያ ግን ዱዓ አርጉልን ብላችሁ ወደዚህ አፍ እንዳትመጡብኝ።

መቁጠሪያቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ምን እንደገባኝ አላውቅም።

«አባ ሼህ፣ እኔ ልርገመው።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«የርስዎ ይደርሳል። የኔ ደርሶ አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪያችንን ስንቴ እግርህ ይሰበር ብየዋለሁ፤ ይኸው ኳስ ይጫወታል።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደባቸው፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከእናቴ ጋር ቀበሌ ሄድን። ጓድ በተለይም ደስታውን አልቻለውም። በተለይም ወጣት ከሆነች! በተለይም ሴት!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት።

የምለውን አጥንቻለሁ። ከሀዲ። የአብዮቱ ጠላት። የእናት ጡት ነካሽ። ይህ ሁሉ ይወጣልኛል፤ ስድብ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል።

አንድ ግን ጓድ በተለይም ራሱ ጨመረበት። መጨረሻው ላይ «የአገርህን አፈር አታግኝ» በይ አለኝ። ያለሱ አይሆንም። እመስተዋት ፊት ሞከርኩት። አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። አባ ሼህ ከውጭ ሰምተው በሩን ዘጉልኝ።

ከዛሬ በፊት የረገምኩት ሰው ሁሉ የምጠላው ነበር። የምወደውን ረግሜ አላውቅም። ይድረስ አይድረስ በምን አውቃለሁ?

ጥሩምባው ተነፋ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

እለዋለሁ። አባዬ ዛሬ ቤቱ ይደር። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ንዴት ነው ይበሉ።