ጅቡቲ ሄዷል ያልኩሽ ወንድማችን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዘውድነሽ፤ አርባ ምንጭ።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ ክረምቱ እንደ ልማዱ ቀሰቀሰብሽ? ጋሽ ነጋሽ ደህና ነው? ዳግማዊ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣ? ኢያኤልስ አፉን ፈታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጭሮም ያው ናት፤ ጭቃው፣ ባጃጁ፣ የጫት መኪናው ጡሩምባ፣ ሁሉም እንደተውሽው አለ።

ስልክ እያለ ወረቀት መላኬ እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። ተረጋጊ፣ የሞተ ሰው የለም። የጻፍኩልሽ በስልክ አንቺን መዋሸት ስለለመደብኝ ነው። ድምፅሽን ስሰማ ያው የለመድኩት ውሸት ይቀድመኛል። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ተስፋዓለም አብሮኝ የሚያስተምር ልጅ ነው፤ ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው የለምና አትጠይቂው።

እንግዲህ ልናገር። በለጠ ጅቡቲ አልሄደም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ወደብ ላይ ሥራ ይዟል፣ ስልክ ስለሌለው ነው የማይደውለው» እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁሽ። ወንድማችን እዚሁ ጭሮ ጫት ተራ፣ በረንዳ ላይ ነበር።

እማዬ ካረፈች በኋላ ገለምሶ ላይ ብቻውን ማውራት ሲጀምር «አንተ ዘንድ ውሰደውና አሳክመው» ብለሽኝ ነበር። ወሰድኩት፣ አሳከምኩትም። ኪኒኑ ቀስ በቀስ እየያዘለት ነበር፤ እንቅልፉ ተመልሶ፣ ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀምሮ ነበር። ያኔ ነው ለዮዲ ሽማግሌ የላክሁት። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ አባቷ ስለ ደመወዜ አንድ ቃል አልጠየቁም፤ ያስጠየቁት ዘር ነው። ከዘሩ ያበደ አለ ወይ፣ ወንድሙስ የት ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመጡ ከአፌ የወጣችው ጅቡቲ ናት። ለምን ጅቡቲ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

አንዴ ከተዋሸ ደግሞ ሰውየውን መደበቅ ግድ ሆነ። በደሳ ከተማ፣ የእማዬ ክርስትና እናት እማማ ባየች ቤት ወሰድኩት። ሠርጉ እስኪያልፍ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አልኩት። ኪኒኑስ ሲል ጠየቀኝ፤ የሁለት ሳምንት ቆጥሬ ሰጠሁት። እታለም፣ ሠርጉ አለፈ፣ ሁለት ወርም አለፈ፣ እኔ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል መድኃኒቱ አለቀበት፤ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ከዚያ ቤት ወጥቶ ጠፋ አሉኝ። ጭሮ ሲመለስ ቤቴን ያውቀዋል፤ አንድም ቀን ግን በሬን አላንኳኳም።

እኔ ግን አይቼዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከሩቅ ሳየው የዮዲን እጅ ይዤ ወደ ማዶ እሻገር ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ኖርኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል የሚባለው? በዚህ ክረምት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። ጥናታቸው ጎዳና ላይ ስለሚያድሩ የአእምሮ ሕመምተኞች ነው፤ እንዴት ታመሙ፣ ማን ደገፋቸው፣ የዳነስ በምን ዳነ የሚል። አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል ሰው ፈልገው እኔን መረጃ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ሥልጠናው ላይ «የምታውቁት ሰው ከገጠማችሁ ተናገሩና ለሌላ ተዉት» ተብለናል። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

አንድ ጠዋት ሰርካ ከምትባል ነርስ ጋር ጫት ተራ ገባን። ጂብሪል የሚባል የጫት ነጋዴ «የዳነ ሰው አለኝ» ብሎ ጠራን። ሰውየው በለጠ ነበር። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጫት ያስራል። ጂብሪል ጤና ጣቢያ ይዞት እየሄደ መድኃኒት አስጀምሮት፣ ከሱቁ ጀርባ ክፍል ሰጥቶት ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ጫት ያሳስረዋል እንጂ አንዲት ቀንበጥ አያስቀምሰውም፤ ሐኪሙ ከልክሎታል፣ ለሱ ሐራም ነው ይላል።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ፎርሙን ገለጥኩ። ሰርካ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስም አይጻፍምና በለጠ አሥራ አራተኛ ቁጥር ሆነ። ቤተሰብ አለህ ወይ ስትለው በዓይኑ ገረፍ አደረገኝና «ወንድም ነበረኝ፣ ጅቡቲ ሄዷል» አላት። ለካ ስለ እሱ ያስወራሁት ደርሶታል። ሰርካ ከንፈሯን መጠጠች። ጂብሪል ግን ከበሩ ሆኖ «ኩን ኦቦሌሳ ኬኛ» አለ፤ ይሄ የኛ ወንድም ነው ማለቱ ነው። እኔ፣ የአንድ እናት ልጅ፣ «ወንድም አንድ፣ ጅቡቲ» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፌ እንኳን ያማረ ነበር፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

በማግስቱ ለሰርካ ሁሉንም ነገርኳት። ፎርሙ ተሰረዘ፣ እኔም ከሥራው ወጣሁ፤ ሲያንሰኝ ነው። ከዚያ ለዮዲ ነገርኳት። ዘሬ እብደት አለበት የሚለውን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። «ያን ሁሉ እሑድ እጄን ይዘህ ስታሻግረኝ ለኔ ያሰብክ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ። ኩርፊያዋ ሳይለቃት ራሷ ሄዳ በለጠን ተዋወቀችው። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር፤ ይህችን ታህል ነገር ፈርቼ ወንድሜን ጣልኩት።

እኔም ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ይዞ አነሳኝ። ቤት ግባ ብለው ሥራ አለኝ አለ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘውድነሽ ታውቃለች ወይ አለ። አታውቅም አልኩት። ንገራት አለኝ፤ ይኸው ነገርኩሽ። ይቅርታሽን በዚህች ወረቀት ልለምንሽ አልደፍርም።

ለጋሽ ነጋሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዳግማዊን ደብተሩን ይጠብቅ በይልኝ፤ ኢያኤልን ጉንጩን ሳሚልኝ። ዮዲን በጣም ናፍቀሻታል፣ ሰላም በላት ብላለች። እማማ ባየችም ከበደሳ ሰላምታ ልከውልሻል፤ በኔ ጥፋት እሳቸው ያለቅሳሉ።

የበለጠን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልሽም። ምን ልበልልህ ስለው በአንተ በኩል አይሆንም፣ ስልኳን ስጠኝ አለ። ሰጥቼዋለሁ። የማታውቂው ቁጥር ከደወለልሽ፣ እባክሽ እታለም፣ አንሺው።

ወንድምሽ እንዳሻው

ጭሮ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.