ያልተቀረጸችው እጅ

ኑረምበርግ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1538

ለተወደድከው ወንድሜ ለሊንሃርት፣ ዙሪክ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አባታችን ለኅትመት ሥዕል መቅረጽ የጀመሩበትን የመጨረሻ የእንጨት ሰሌዳ እንድትጨርስላቸው ለመለመን ነው። የቀደሙት ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙ በናፍቆት ወሬ አላደክምህም።

ሰሌዳው ለወንጌል መጽሐፍ የታዘዘ ነው፤ ጌታችን እጁ የሰለለችውን ሰው በምኩራብ ሲፈውስ ያሳያል። አባታችን የጌታን ፊትና የፈሪሳውያኑን ጢም ጨርሰው፣ የበሽተኛው የተዘረጋች እጅ ብቻ ስትቀራቸው ቢላዋው ከጣታቸው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ሰሌዳውን ለሙከራ ብናትመው፣ ያልተቀረጸ እንጨት ጥቁር አድርጎ ያትማልና፣ በእጁ ቦታ ጥቁር እድፍ ወጣ።

ትናንት አታሚው ወንደል መጥቶ በአባታችን አልጋ አጠገብ ቆመ።

«ዮብስት፣ ምነው፣ የሰሌዳው ሰውዬህ እስካሁን አልዳነም?» አለ። የድሮ ጓደኛ ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«እኔ ስድን ይድናል» አሉ አባታችን በተሳሰረ አንደበት። «ማንም እንዳይነካብኝ!»

«አንተ ሰው፣ ማተሚያው ቆሞ አይጠብቅህም እኮ! የእጁን ቦታ ከሰሌዳው በመጋዝ ቆርጬ አውጥቼ ሌላ ሰው የቀረጸውን እሰካበታለሁ።»

ወንደል ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «አፖሎንያ፣ እጄን ሊቆርጡኝ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ሊንሃርት ከሆነ ግን ይንካው። የሱ እጅ የኔው እጅ ናት» አሉ።

አባታችን የሰሌዳው እጅ ከተፈወሰች የሳቸውም የምትፈወስ ይመስላቸዋል፤ ሊጠይቋቸው የሚመጡት ሰባኪ ግን፣ ሥዕሉ ለትምህርት እንጂ ለተአምር አይደለም ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ይህንን ለአባታችን መድገም አቃተኝ። ሐኪሙ መምጣት ትቷል። እኔ የፊደል ስሕተት አርማለሁ እንጂ እንጨት አልቀርጽም፤ በቁራጭ እንጨት ብሞክር የቀረጽኳቸው አምስቱም ጣቶች ተሰበሩብኝ።

አንተ ሥዕል ሁሉ ጣዖት ነው ብለህ የመቅረጫ ቢላዎችህን እንደሸጥክ አልነገርኳቸውም። አልዋሸሁም፤ አልጠየቁኝም። ትመጣለህ ብዬም ተስፋ አልሰጠኋቸውም፤ እኔ ራሴ የለኝምና።

እግዚአብሔር አንተንም ቤትህንም ይጠብቅ። በሥዕል እመን አልልህም። ቢላዋ ይዘህ መምጣት አያስፈልግህም፤ አባታችን የራሳቸውን ቢላዋ በየማለዳው በግራ እጃቸው ይስሉታል። ወንደል መጋዙን የሚያመጣው በቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት ነው። ስለዚህ እስከ በዓሉ ዕለት፣ እስከ ኖቬምበር 11 ድረስ፣ መጥተህ ያችን አንድ እጅ ቅረጽላቸው።

እኅትህ አፖሎንያ