ጎረቤት መብራት አለ

ሀኒፋ፣

ታክሲ ሳያመልጠኝ ቶሎ ልጻፍልሽ። ኦቨኑ ይሠራል። የተቃጠለውን የታችኛውን ማሞቂያ ሬዚስታንስ እኔው ራሴ ቀየርኩት፤ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ስትዪኝ ከምሰማ ብዬ።

አሁን ስሚኝ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ አልነበረም። ኦቨኑን ልጠግን የቆጣሪውን ብሬከር ያወረድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ካውያሽ ሲቀዘቅዝብሽ በመስኮት አየሽና «ጎረቤት አለ እኮ!» ብለሽ ብሬከሩን መልሰሽ አነሳሽው። የኩሽናውን በር ገፋ አድርጎ ማየት ምን ነበረበት? እጄን እስከ ክርኔ ኦቨኑ ውስጥ ከትቼ ሽቦ እያሰርኩ ነበር! አንድ ብሎን አምልጦኝ ካቢኔው ስር ገባ፤ እሱን ልለቅም ጎንበስ ባልኩበት ፍሪጁ ማጓራት ጀመረ። ያ ብሎን ባያመልጠኝ ዛሬ ድንኳን ነበር የምታስተክዪው!

ካቢኔውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንቺ ተኩሰሽ ጨረስሽና በሩን ድርግም አድርገሽ ወጣሽ። ከዚያ ብሬከሩን እንደገና አጥፍቼ ጥገናውን ጨረስኩት።

ጽሑፌን አትይው፤ ተቻኩዬ ነው።

ኬክሽን ከማስገባትሽ በፊት ባዶውን ሃያ ደቂቃ አግዪው። ማሞቂያው አዲስ ስለሆነ ይሸታል፣ መስኮት ክፈቺ። በሩንም የታክሲ በር ይመስል አታላትሚው።

«ላጠፋው ነው፣ እንዳትነኪው» ልልሽ ይገባኝ ነበር። አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌ፣ እኔ ቀድሜ ላናግራት? ብዬ ነው።

ማታ ስመጣ ከፈለግሽ ስደቢኝ። ዝም ብቻ እንዳትዪኝ።

ኦብሴ