ተቀበይ ስልሽ ያልሰማሁት

ለዘሀራዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ፤ ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን።

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ደብዳቤ በመጻፍ እኔን የሚስተካከል ወንድ የለም። እሺ፣ ቀን የተማሩትን እንተዋቸው። ማታ ከተማርነውም ቢሆን እትዬ ፋጡማ በቃል ጽሕፈት ትበልጠኛለች፤ እኔ ግን ያልኩት ወንድ ነው። ከወንዶቹ ደግሞ እስከ መጨረሻው የዘለቅነው ሁለት ነበርን፤ ሁለተኛው የፈተናው ዕለት መነጽሩ ተሰበረበት። ስለዚህ አንደኛ ነኝ። ሳቂብኝ እንግዲህ። ስትስቂ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ የምትሸፍኚው አሁንም ይታየኛል።

አዎ፣ ያ የቀበሌ ወረቀት በመጣ ቁጥር አውራ ጣቱን ቀለም ሲነክር የኖረው ሰይድ ነው የሚጽፍልሽ። መምህርታችን ማጠቃለያ ብላ ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ አለችን። ሌሎቹ ጅዳና ቤይሩት ላሉ ልጆቻቸው ጻፉ። እኔ ላንቺ ጀመርኩ። የጋሽ ደምሌ ልጅ ብሩክም ሰምቶ አልበሙ ሲመረቅ ደብዳቤው በሰው ፊት ይነበባል ስላለኝ ፊደሌን አሳምሬ፣ መስመሬን ጠብቄ ነው የምጽፈው። የትኛው አልበም እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ።

ቤታችን ደህና ነው። የጓዳው ቆርቆሮ ማፍሰሱን ትቷል። እኔ ራሴ ነኝ የመታሁት፤ የልጃችን የሐያት ባል ትንሽ አግዞኛል። ትንሽ ማለቴ፣ እሱ መታ፣ እኔ መሰላል ያዝኩ። ሐያታችን ወልዳለች፤ ሴት ናት። በዳዴ እየመጣች የጫማዬን ክር ታኝካለች። ዘይቱኑ ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቶ ነበር፣ ከኛ ይልቅ ወፍ ጠገበበት። ጀልባዋን አልተውኳትም። ቆሮሶ ዓሣው እንደ ድሮው ባይሆንም ጠዋት ጠዋት እገባለሁ። እኔን የምትጠብቂባት ድንጋይ፣ ከሾላው ሥር ያለችው፣ አለች። ዓሣ የሚጠብስ ሰውዬ መጥቶ ዙሪያዋን የላስቲክ ወንበር ደርድሮባታል። ደንበኛ ሲበዛበት ሰው ይቀመጥባታል። እኔ ደግሞ ሰው ሲቀመጥባት አልወድም፤ አጠገቡ ቆሜ ስለ ራሴ ማውራት እጀምራለሁ። እስካሁን ከሩብ ሰዓት በላይ የቻለ የለም።

ጋሽ ደምሌም ተከትሎሻል። ዕድሜ ልኩን ከጎንሽ ተቀምጦ መሰንቆ የገዘገዘልሽ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሲፈታ አረፈ። ልጁ ብሩክ፣ አሁን ባጃጅ የሚነዳው፣ ከአርባው በኋላ መጥቶ አንድ ሐሳብ አለኝ አለ። በየሠርጉ ያዜሙልንና ያለፉት እንዲሁ ተረስተው እንዳይቀሩ መታሰቢያ አልበም ሊያወጣላቸው ነው። የአባቱንና የሌሎቹን ዜማ ወጣቶቹ ይዘፍኑታል። የመጨረሻው ዘፈን ግን በራስሽ ድምፅ ይሁን አለ፤ ድምፅሽ የቀረው አንቺ ብቻ ነሽና። ያ ካሴት እጄ ላይ እንዳለ ያውቃል። ማን የማያውቅ አለ።

የሠርግ ቤት ልማዳችንን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ለሚሰማው የሩቅ እንግዳ ግን ልንገረው። ጋሽ ደምሌ መሰንቆውን ያስጀምራል፣ አንቺ አምባሰልን ታወርጂዋለሽ። ከታዳሚው አንዱ ይነሣና "ተቀበይ!" ብሎ ሁለት መስመር ግጥም ይወረውርልሻል። አንቺም ያንኑ ግጥም በዜማ ትመልሺዋለሽ። ያ ከታዳሚው የሚነሣው አንዱ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ሊነሣ ሲል እጀ ጠባቡን ይዤ አስቀምጠው ነበር።

ካሴቱ የተቀዳው ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ በነበረው ሠርግ ነው። የሙሽራው አጎት ቴፕ ይዞ መጣ፤ መሰንቆው አጠገብ ይቀመጥ ተባለ። እኔ ግን ልጆች ረግጠው እንዳይሰብሩት ልያዘው ብዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ሽማግሌዎቹ ለጥንቃቄዬ መረቁኝ። ውጤቱን አንቺም ሰምተሽዋል፤ አንቺ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው ርቀሽ፣ ሰይድ ግን ጆሮ ሥር። ተቀበይ፣ እሰይ፣ የኔ ናት፣ ግጥሙ የኔ ነው፣ ካሴቱ እስኪያልቅ።

በተለይ አንዱን ግጥሜን አልረሳውም። ቀበቶዬን አጥብቄ ተነሣሁና እንዲህ አልኩ፦

ሐይቁ ቢጎድል እንጂ እኔ መች እጎድላለሁ፣
ዘጠኙን አጥማጅ በአንድ እጄ እጥላለሁ።

አንቺ ስትቀበዪው የሙሽራዋ አያት በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ዘጠኙ አጥማጆች አሳዝነዋቸው ነው ብዬ ይበልጥ ጮህኩ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሴቱን አሰማና ዜማው የሷ ነው፣ ግጥሙ የኔ ነው እል ነበር። አንቺ ትከሻሽን ሰብቀሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። እኔ እሺ ማለትሽ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ደግሞም በመጨረሻዋ ጠዋት እጄን ይዘሽ "ሰይዶ፣ ግጥሙ ሁሉ ያንተ ነበር" ያልሽኝን ለለቀስተኛው ሁሉ ነግሬአለሁ፤ ለብሩክም ነገርኩት። ብሩክም የሟች ቃል ነው ብሎ በአልበሙ ሽፋን ላይ ያንቺ ዘፈን ግጥም በኔ ስም እንዲወጣ ተስማማ። እንዲያውም በእጅህ ጻፈውና እሱው ይታተማል አለኝ። ማታ ትምህርት የተመዘገብኩት ለዚህ ነው፣ ዘሀራ። ለሰው ለዕውቀት ነው ብያለሁ። ዕውቀቱ ስሜን መጻፍ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ በጠቀለልኩበት ወረቀት ሁሉ ላይ ሰይድ፣ ሰይድ፣ ሰይድ እያልኩ ተለማመድኩ።

ካሴቱን ደሴ ያለ የብሩክ ጓደኛ ወሰደው፤ በኮምፒውተር ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ሰው ነው። እንደሰማው መጀመሪያ የጠየቀው ይሄ የሚጮኸው ሰውዬ ማነው ብሎ ነው አሉ። ሊያወጣኝ እንደሆነ ስሰማ ተቆጣሁ። እኔ ከሌለሁበት ምኑን ዘፈን ሆነ? ሁለት ቀን ብሩክን ሰላም አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን ዓሣ ይዤለት ሄድኩ፣ እንደምታውቂኝ ኩርፊያ አይሆንልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሩክ ባጃጁን ከሾላው ሥር አቆመና ፍላሹን ሰካ። እኔና ሐያት ከኋላ ተቀመጥን፤ ልጅቷ እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታለች። መጀመሪያ የጋሽ ደምሌ መሰንቆ መጣ። ከዚያ ትንፋሽ ስትስቢ ተሰማኝ። እንዲህ ቅርብ ሆነሽ ሰምቼሽ አላውቅም፤ ዘወር ብዬ ልፈልግሽ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ እንዲህ አልሽ፦

ሐይቁ ሲጎድል አየሁ፣ እኔም እጎድላለሁ፣
አንድ ሰው እየጠበቅሁ ዳር ላይ ቆሜያለሁ።

አስቆምኩት። ኮምፒውተሩ ግጥሜን ቀይሮብኛል አልኩ። ብሩክ ኮምፒውተሩ ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ግጥም አይገጥምም አለኝ። ድገመው አልኩ። ደገመው። ቀጣዩን አልኩ። ቀጣዩም የኔ አይደለም። ከዚያም የሚቀጥለው። እኔ ከወረወርኩልሽ ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ትይዢልኛለሽ፣ ቤት መምቻዋን ትጠብቂልኛለሽ፣ ሌላውን ግን ሁሉን ሌላ አድርገሽዋል። ጉራዬን ወስደሽ ናፍቆት፣ ቀልዴን ወስደሽ ምርቃት። እኔ የራሴን ጩኸት ስሰማ አንዱንም አልሰማሁም።

ሐያትን ዞሬ አየኋት። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

"አባ፣ ሁላችንም እኮ እናውቃለን። እማ ናት አትንገሩት፣ ደስ ይበለው ያለችን" አለችኝ።

ሁላችንም ማለት እነማን ናችሁ ብላት፣ ሐይቅ ከተማ በሙሉ ነው ለካ። ጋሽ ደምሌ ያውቅ ነበር። እትዬ ፋጡማ ታውቅ ነበር። እነዚያ የሙሽራዋ አያትም ለዘጠኙ አጥማጆች አልነበረም ያለቀሱት። ዘሀራዬ፣ ከአርዲቦ እስከ ውጫሌ ያንቺን ግጥም ያላወቀ አንድ ሰው ቢፈለግ እኔ ነበርኩ፤ በዚህስ ማንም አይስተካከለኝም።

ከባጃጁ ወርጄ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋስ በሚበዛበት ቀን ከሐይቁ መሃል ሆኜ ነጠላሽ ሲውለበለብ አይ ነበር። ዓሣ ልትቀበዪኝ የመጣሽ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ባዶ እጄን ስመጣ አዝነሽ አታውቂም፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? ግን እኔ ጀልባዋን ሳላስር ያመለጠኝን ዓሣ ትልቅነት ማውራት እጀምራለሁ። አንቺም ክንዴን ይዘሽ በጣም ትልቅ ነበር እንዴ ትዪኛለሽ። በየቀኑ ያመልጠኝ ነበር፣ በየቀኑም ትልቅ ነበር፣ በየቀኑም ትጠይቂኝ ነበር።

ብሩክ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ጋሽ ሰይድ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው፣ የሟች ቃል ስላለ እኔ ቅር አይለኝም አለ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አፍሬ እንዳልቀር ብሎ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት። ሦስት ወር የተለማመድኩት ስሜ ጣቴ ጫፍ ላይ ቆሟል። ወላሂ እጄ ሄዶ ነበር፤ "ሰ"ን ጽፌ ሰርዣታለሁ። ከዚያ ከጎኗ ዘሀራ ብዬ ጻፍኩ። የትኛው "ሀ" እንደሚሆን ሐያትን ጠይቄአት ነው፣ ይህንንስ አልዋሽሽም። ብሩክ አዲስ ወረቀት ሊሰጠኝ ነበር፣ እንቢ አልኩ። የተሰረዘችው "ሰ"ም ትታተም። ከስምሽ አጠገብ ተሰርዤም ቢሆን ልኑር።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። መጀመሪያ ላይ አንዲት "ተቀበይ" ትቅርልኝ አልኩ፤ ሰው ለማን እንደመለስሽ ይወቅ። ብሩክ ሳቀና ደሴ ደወለ። ተፈቀደልኝ። እንግዲህ አልበሙ ሲወጣ ሰይድ አንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንቺ ብቻ ነሽ።

ካሴቱ ላይ ያሉትን ግጥሞችሽን በደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። ደጋግሜ እየሰማሁ ስለሆነ አንዷን ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ አልቸኩልም። ጁምዓ ጁምዓ መቃብርሽ ጋ ዱዓ ካደረግኩ በኋላ አንዳንድ እያልኩ አነብልሻለሁ፤ ብሳሳት አርሚኝ። የልጅ ልጃችን ከፍ ስትል ደብተሩን ለሷ እሰጣታለሁ፤ አያትሽ እንዲህ ትል ነበር፣ አያትሽ ደግሞ አይሰማም ነበር እላታለሁ። ሠርግ ቤትም ስሄድ ቦታዬን ቀይሬአለሁ፤ ከዘፋኟ አጠገብ እቀመጥና አፌን እይዛለሁ። ሰው ታመመ እንዴ ይላል።

አሁን ይህ በሰው ፊት የሚነበብ ስለሆነ አንዲት ነገር ማቃናት አለብኝ። እላይ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱ ፈጠራ ነው፤ ብሩክም ከሌላው ጋር አብሮ ይስማው። በመጨረሻዋ ጠዋት ግጥሙ ሁሉ ያንተ ነበር አላልሽኝም። ስለ ግጥም ምንም አላልሽም። እኔ እንደፈራሁ እንዳታውቂ ያለ ማቋረጥ ሳወራ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ዓሣው፣ ስትድኚ ስለምንሄድበት ሠርግ ሳወራ፣ እጄን ጫን አድርገሽ ያልሽኝ "ሰይዶ፣ ትንሽ ዝም በል" ነው። ይህን ለለቀስተኛ መንገር አፈርኩና ሌላ ቃል ፈጠርኩልሽ።

ዝም ግን ብዬ ነበር። ትንፋሽሽን ብቻ ሰማሁ። ካሴቱም ላይ አለች፣ ግጥሙን ከመጀመርሽ በፊት።