ለሊሴ፣ ልጃችንን አስሬያት ነበር

የእኔ ለሊሴ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ ግን ለአንቺ ዋሽቼ አላውቅም፣ አሁንም አልዋሽሽም። ደህና አይደለንም።

ሲፈን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። በቁመቷ አንቺን ወጥታለች። የጨለለቂ ሰፈሩ ቤታችን ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። ብርጭቆ የሚባል ነገር የለንም፣ ሁሉም ፕላስቲክ ሆኗል። ቡፌውን እላዩ ላይ እየወጣች ስላስቸገረችኝ ሸጥኩት። የግቢው በር ላይም ከፍ አድርጌ ሌላ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ።

በሁለት ዓመቷ ስትጠሪያት አልዞር ብላሽ፣ “ይቺ ልጅ አትሰማኝም” እያልሽ ያለቀስሽው አይረሳኝም። ያጣጣልኩት እኔ ነኝ። “እኔም አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ደውለሽ እናቴን ጠይቂ” አልኩሽ። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ይህን በሕይወት እያለሽ አለመንገሬ ያንገበግበኛል። የነበሯት ሦስት ቃላትም አንቺ በሄድሽ በወሩ ጠፉ።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ ሐና ነገረችኝ። ሐና እንደ ሲፈን ያሉ ልጆችን የምትረዳ ቴራፒስት ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን እዚሁ ነቀምቴ በአንዲት ጠባብ ክፍል ትሠራለች። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ የሄድኩት መድኃኒት ታዝዝልናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወለል ላይ ቁጭ ብላ ኳስ ታንከባልላለች። ሲፈን ጀርባዋን ሰጥታ በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሐና ትጠብቃለች። አርባ ደቂቃ ሙሉ! በባጃጅ ስንመለስ፣ ተማሪዎቼን ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ነው እያልኩ ተንገበገብኩ።

ቀጥሎ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። “ውሃ ስትፈልግ ኩባያውን አሳያት፣ ‘ውሃ’ በላት፣ ትንሽ ጠብቅ። ካየችህ ወይም እጇን ከዘረጋች ወዲያው ስጣት” አለችኝ። እኔ ግን ቸኮልኩ። ቃሉ ካልወጣት አልሰጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ታጋጭ ጀመር። ለእሷ ብለው ከኡኬ መጥተው አብረውን የሚኖሩት እናትሽ፣ አያቷ አኮ፣ ኩባያውን ከእጄ ነጥቀው አጠጧት። “እናት የሌላት ልጅ ውሃ ትከለከላለች?” አሉኝ በኦሮምኛ። ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸው የለ? በማግስቱ ልብሳቸውን ሸክፈው ወደ ኡኬ ተመለሱ። እህሌን አይቼ ልምጣ አሉ እንጂ ተቀይመውኝ ነበር።

አሁን የምነግርሽ ከሁሉ የከፋው ነው። አኮ በሄዱ ሳምንት፣ ሐሙስ ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ነበር። ጎረቤቶቻችን ልጆቻችንን ትነክሳለች ብለው አንቀበልም አሉኝ። በዚያው ሳምንት ከግቢ አምልጣ አስፋልቱ መሐል፣ አይሱዙ ሊደርስባት ሲል ነው የያዝኳት። ስለዚህ በአንቺ አረንጓዴ ሻርፕ እግሯን ከአልጋው ጋር አሰርኳት። ዳቦና ውሃ አጠገቧ አኖርኩ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ስመለስ አታለቅስም ነበር። አልቅሳ አልቅሳ ደክሟት፣ የሻርፑን ጫፍ እያኘከች ቁጭ ብላለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ፈትቻት ወለሉ ላይ ተደፋሁ። ሁለታችንንም ወዳለሽበት ብትወስጂን ብዬ ተመኘሁ፣ ለሊሴ። ይቅር በይኝ።

በማግስቱ ሐና ካልሲዋን ስታወልቅላት ምልክቱን አየችው።

“ማነው ያሰራት?”

“እኔ ነኝ።”

“ይህ ሁለተኛ እንዳይደገም። ሲጨንቅህ ለእኔ ደውል” አለችና፣ “አንተንስ ማን ያግዝሃል?” ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። “አንድ ቀን ትናገር ይሆን?” አልኳት። “አላውቅም። ቃል አልገባልህም” አለች።

ቅዳሜ ሲፈንን ይዤ በሚኒባስ ኡኬ ሄድኩ። አኮ እግር ላይ ወድቄ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ስል አብረውኝ አለቀሱ። “ማሰርህ ክፉ ነው። ስትቸገር አለመጥራትህም ክፉ ነው። ተነሥ” አሉኝና አብረውን ተመለሱ።

በቀጠሯችን ቀን ጉልበታቸው እያመማቸው ሐና ክፍል ወለሉ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ሐና፣ “እናቷ በምን ቋንቋ ነበር የምታናግራት?” አለች። አኮ ቀና ብለው አዩኝ። ለካ ወራት ሙሉ በእኔ ቋንቋ ብቻ ነው የጎተጎትኳት! “ሁለቱም ቋንቋዎች የእሷ ናቸው፤ የለመደችውንም አትንፈጓት” አለች ሐና። አኮ ኩባያውን ይዘው ውሃውን በኦሮምኛ “ቢሻን” አሏት። አልተናገረችም። ግን ዞራ ኩባያውን አየች፣ ከዚያ የአኮን ፊት አየች። ወዲያው ሰጧት።

ይኸው ነው፣ ሌላ የምሥራች የለኝም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያየችን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ግንባሯን ማጋጨቷን አልተወችም። ሐናም ከመጪው ወር ጀምሮ የምትመጣው በወር አንድ ቀን ነው፤ ሌሎች ከተሞችም ይጠብቋታል። እናትሽ እያረጁ ነው። እኔስ ስሞት ማን ይይዛታል? ይህን ሳስብ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የማስተምረው ይጠፋብኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝልሽ። እስካሁን መቃብርሽ ጋ አላመጣኋትም። ሰው ያፈጥባታል ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን አፍሬባት ነው። እሷን ደብቄ አንቺን አስባለሁ ማለት ከንቱ መሆኑ አሁን ገብቶኛል። ማክሰኞ ትምህርት የለኝም። ከአኮ ጋር ይዘናት እንመጣለን፤ ከዚያም በኋላ ሳናቋርጥ እንመላለሳለን። ከጮኸች ትጩህ፣ ዝም በይ አልላትም። ድምፅዋን ከሰማሽ ቆይተሻል።

ያንቺው ደምሴ