ለሟች የተላከ የውሃ ተራ

ለተከበሩ የውሃ ተራ ሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላምና የኮምፒውተሮችዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሐሙሲት መንገድ፣ ጣና ዳር ሽንኩርት የማለማ ገድሉ ይትባረክ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሰው ብሆንም፣ ጸሐፊ ይጻፍልህ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ፣ አንዱን ለእርስዎ እልካለሁ፣ ሌላውን በውሃ ማኅበራችን በር ላይ እለጥፋለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድም ሐሳቤ ቀጥ ያለ ነውና ይታገሡኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ አባት ነበርሁ። ሞተሩ ከሐይቁ የሳበውን ውሃ ለገበሬው የማድል፣ ከቦዩ ራስ ቆሜ ባለተራውን በስሙ የምጠራ እኔ ነበርሁ። ባለፈው ኅዳር ክፍልዎ ተራውን በስልክ የሚያድል ፕሮግራም ሠርቶ ከድካሜ ስላሳረፈኝ፣ ዕረፍት የጠየቅሁ ባይሆንም፣ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ልቤ ላይ የቀሩትን ጥቂት ነገሮች በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ፕሮግራሙን ከሠሩት ልጆችዎ አንዷ ሲና፣ ሥራውን ልታሳየን የመጣች ዕለት ከባልደረባዋ ጋር ዋንዛው ሥር ተቀምጣ ፕሮግራም ስለሚጻፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ስትሟገት ሰማሁ። እሱ በጃቫ መጻፍ ነበረበት ይላል፤ እሷ ፓይተን ይሻላል፣ ጃቫማ አርጅቷል ስትለው ልጁ አኮረፈ። የዚህ ጃቫ የሚሉት ቋንቋ ዕድሜ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ ሠላሳ ዓመት ነው አሉኝ። በሠላሳ ዓመቱ ስላረጀ ቋንቋ ከረፋድ እስከ ቀትር የተሟገቱ ልጆች፣ ሰባ ሦስት ዓመት የሞላኝን እኔን ውሃውን እንዴት ታድል ነበር ብለው አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። ቀንተህ ነው ካሉኝ፣ አዎን፣ ቀንቻለሁ።

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሙን የሚሞክር ገበሬ ሲፈለግ ጎረቤቴ አቶ መልካሙ ተመረጠ። መልካሙ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ መነጽር አለው፤ ማሳ ግን የለውም። ተጫን የተባለውን ቁልፍ ሁሉ በተባለው ሰዓት ስለተጫነ አንድም ስሕተት አልተገኘም፤ ለዚህም ኮፍያ ተሸልሞ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አድርጎት ይመጣል። ሁሉን በትክክል የሚጫን ሰው ምኑን እንደሚሞክር እርስዎ የተማሩት ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል፤ እኔን ቢጠሩኝ ኖሮ የሚሳሳትበትን ሁሉ በአንድ ጠዋት አወጣልዎ ነበር። ከመልካሙ ሌላ ደግሞ ፕሮግራሙን በየማለዳው የሚፈትሹ አራት መቶ ፈተናዎች ተጽፈውለታል፤ ሲያልፍ አረንጓዴ ይበራል አለችኝ ሲና። በየማለዳው አራት መቶ ጊዜ ደኅና አደርህ ወይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔን እንዲያ ብላ የምትጠይቀኝ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ ሲነካ አዲሱን ፕሮግራም ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገበሬ በአንድ ቅጽበት የሚለቅ መሣሪያ አለዎት አሉ። እኔ ሞኙ አዲስ ቦይ ስከፍት አንድ ትልም ብቻ አጠጥቼ፣ ዳር ዳሩን ሄጄ የሚያፈስበትን ደፍኜ፣ አሮጌውንም ቦይ ለክፉ ቀን ሳልደፍን አቆየው ነበር። መሣሪያው ነገሩ ቢበላሽ ሁሉን ወደ ትናንቱ የሚመልስ ቁልፍም አለው ሲሉኝ የመልካሙን ኮፍያ ረሳሁት። በዚያ ቁልፍ ቀናሁ። የምመለስበትን ቀን ለይቼ አውቀዋለሁ።

አራተኛውና ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ማሳው ባለቤቴ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከአባቷ የወረሰችው ስለሆነ በይዞታ ደብተሩ ላይ ቀድማ የተጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ ከሥር ነኝ። ፕሮግራምዎ የላይኛውን ስም ብቻ ወሰደ። ስልኳን እኔ ይዤዋለሁና የካቲት መጀመሪያ ላይ መልእክት መጣ፤ «ክብርት ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ የውሃ ተራዎ ነገ ጠዋት ነው፤ ባንቺአየሁ ከሆኑ 1ን፣ ካልሆኑ 2ን ይጫኑ» ይላል። ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወቷ ክብርት ያላት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ባንቺአየሁ ስላልሆንሁ 2ን ተጫንሁ። ወዲያው «ይቅርታ፣ ተራው የእርስዎ አይደለም» ብሎ ውሃዬን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠው። መልካሙ፣ አንተ ሰው 1ን ተጫንና አጠጣ፣ ማን ያይሃል አለኝ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እሷን ሆኜ ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ አፍ በሌላት ጊዜ ልጀምር? እንዲህ ሆኖ ሦስት ተራ አለፈኝ። አራት መቶው ፈተና አረንጓዴ ሲያበራ ሽንኩርቴ ቢጫ ሆኗል። ጉድለቱ ሌላ አይደለም፤ ከሞካሪዎችዎ መካከል የሞተ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ስሟ ሳይፋቅ የእኔም ከሥሩ እንዲጻፍ፣ መልእክቱም ለሁለታችን እንዲላክ፣ እስከዚያው ድረስ ሽንኩርቱ ሳይሞት ውሃው እንደ ድሮው በአፍ ተጠርቶ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከማልክደው ቅናትና ከተሰነጠቀ መሬት ጋር፣
ታዛዥዎ
ገድሉ ይትባረክ
የቀድሞ የውሃ አባት፣ የአሁኑ ቁጥር 2

የተረሳ ነገር፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ፣ መልካሙ ጉዳዩን ነግሯት ኖሮ፣ ዛሬ ሲና ደወለች። ስሕተቱን አርማዋለች፤ ባለተራው ሞቶ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚፈትሽ አራት መቶ አንደኛ ፈተናም ጽፋለች፤ ስሙንም «ባንቺአየሁ» ብላዋለች። በይ እንግዲያ ልቀቂው ብላት ዓርብ ቀን አንለቅም አለችኝ። ለጾሙ መስሎኝ መረቅኋት። ለካስ ቢበላሽ ቅዳሜና እሑድ የሚጠግነው ሰው ስለማይገኝ ነው። እንግዲህ መልካሙ ኮፍያ አለው፤ ባለቤቴም ሞታ ሳለ በመሥሪያ ቤትዎ በየማለዳው ስሟ ይጠራል፤ በሕይወት ያለሁት እኔ እስከ ሰኞ ውሃም የለኝ፣ ጠሪም የለኝ።