በአማካይ ለዘነበልን ዝናብ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዝናብና የዘር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

መስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ራስዎን እንኳ ቢያምዎ እግርዎ ደህና ከሆነ በአማካይ ጤነኛ ነዎትና ፈጣሪ ይመስገን። እኔ የኔሰው፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ጥቁር መሬት የማርስ ገበሬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮ የሚገቡበትን ቀን እንደ ሐምሌ ዝናብ ስንጠብቅ ከርመን ስላጣነው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። ሰኔ ላይ ሰማዩ አታለለንና ጤፋችንን ቀድመን ዘራን። ሐምሌ ጠብ ሳይል አለፈና ቡቃያው እዚያው ነደደ። ጊዜው ሳያልፍ ደግመን እንድንዘራ ከመጋዘንዎ ዘር እንዲያበድሩን ደጅ ጠናን። እርስዎም ሰብስበውን፣ ግድግዳው ላይ ወጣ ገባ የሚል መስመር እያበሩ የሃያ ምናምን ዓመቱን ዝናብ አስተማሩን፤ በመጨረሻም የዘንድሮው በአማካይ መደበኛ ስለሆነ ዘር የሚያሰጥ ችግር የለም ብለው በጭብጨባ አሰናበቱን። አጨብጫቢው እኔም ነበርኩ፣ እጄን ይቁረጠው! ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ የሞጣን ዝናብ ለእኛ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ሞጣ ላይ ወዳጄ ሰይድ ሱቁ ጎርፍ ገብቶበት የጨው ጆንያው ሟሟ፤ እዚህ የእኔ ጤፍ ደረቀ። እርስዎ ሁለታችንን ደምረው ለሁለት ሲያካፍሉን ግን ሁለታችንም ደህና ሆነን ተገኘን። ሰይድ ይህን ስነግረው አላህ ለእንዲህ ያለ ሒሳብ አያጋልጥህ ብሎኛል፤ አሜን ብያለሁ።

2ኛ፦ በሐምሌ የቀረብን ዝናብ ሁሉ ነሐሴ ላይ ከነበረዶው ባንድ ሳምንት ተዘረገፈ። ጎርፉ የቀረውን አፈር ጠርጎ ሲወስድ እርስዎ አማካዩ ሞላ ብለው መደሰትዎን ሰማን፤ እንኳን ደስ አለዎ። ባለቤቴ ይርጋነሽ በዚህ ሒሳብ እጅግ ስለተደነቀች ምሳ ልትጋብዝዎ አስባለች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እህል አይቀምሱም፤ እሑድ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ መሶብ ታቀርብልዎና ትንፋሽ ሳይወስዱ ይጨርሱታል። በአማካይ ጠግበው ይሄዳሉ። እምቢ እንዳይሏት፣ ይርጋነሽ ኩርፊያዋ ክፉ ነው።

3ኛ፦ ይህ ቁጥር ባዶ ነው። ሁለተኛው ስለረዘመ አቤቱታዬ በአማካይ መደበኛ ነው።

4ኛ፦ አሁን ቀልዱን ልተወው። መሬቱ ገና እርጥበት ይዟል፤ ሽምብራ ይችለዋል። በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ግን እርጥበቱ ይሸሻል፣ እኛም ዓመቱን የምንበላው የለንም። ጎረቤቴ ታንጉት ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ለመውረድ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው። የሽምብራ ዘሩ መጋዘንዎ ውስጥ እንዳለ ዘበኛውም እኛም እናውቃለን። እባክዎ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ይክፈቱልን።

መስመርዎ ቀጥ ይበል፣ ጃንጥላዎ አይቀደድ፣ ወንበርዎን በረዶ አይንካው እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር እጅ የምነሳ፣ በአማካይ ጠግቤ የማድር ታዛዥዎ፣

የኔሰው

ማስታወሻ፦ ትናንት በመጋዘንዎ በኩል ሳልፍ በበሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ባየው ጤፍ ነው። ለካ የከለከሉን ዘር በነሐሴው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶበት፣ እዚያው በጆንያው ውስጥ በቅሏል! በአካባቢያችን ዘንድሮ ያማረ ጤፍ የእርስዎ ብቻ ነውና እንኳን ለዚህ አበቃዎ። ሽምብራውም እስኪበቅል የሚጠብቁ ከሆነ ቀኑን ብቻ ያስታውቁን፤ እኛ ማሳችን ላይ የሚታረም ስለሌለን ሥራ ፈት ነን፣ በደቦ መጥተን መጋዘንዎን እናርምልዎታለን።